ትልቁን ቅበሪ

ዶማው ከሸክላ ጋር ገጭ ሲል ረስቲቱስ እጁን ሰበሰበ። «አገኘሁት!» ብሎ ሲዞር እትዬ ቢሪክት ከወይራ መጭመቂያው ድንጋይ ላይ ተነሥተዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ ጉድጓዱ አፋፍ የደረሱት ግን እየሮጡ ነው ማለት ይቻላል።

«ቀስ በል እንጂ አንተ! አሥራ አንድ ዓመት ደህና የኖረውን ዛሬ ልትሰብረው ነው?»

«ኧረ የአፉ ሰም እንኳ አልተነካም እትዬ። ሲዲና የነካችው ነገር መች ይበላሻል!»

ሲዲና ሚስቱ ናት። ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ቢሆናትም፣ ስሟን ሲጠራ አሁንም ጓዳ ያለች ነው የሚያስመስለው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የነበረው ቄሳር የክርስቲያን መጻሕፍት ተለቅመው ይቃጠሉ ሲል፣ ወታደሮች የቤተ ክርስቲያኑን አንባቢ ረስቲቱስን ከደጃፉ አንጠልጥለው ወሰዱት። ቤቱ ውስጥ ሁለት መጻሕፍት ነበሩ፤ ወንጌሉና የሲዲና አባት ትተውት የሞቱት የበቅሎ ሕክምና። ወታደር ባዶ እጁን እንደማይመለስ ያውቃልና፣ እየጎተቱት፣ እነሱ በማይሰሙት በአገሩ ቋንቋ ወደ ሚስቱ ጮኸ። «ትልቁን ቅበሪ! ሌላውን ስጫቸው!» ሲዲና ማንበብ አትችልም፤ ያላትን ግን አደረገች።

ጉድጓዱን የቆፈረላት የእትዬ ቢሪክት አንድያ ልጅ ባሪክ ነው። አንድ ነገር መቀበሩ ሲወራ ይዘው ገበያ መሀል ገረፉት። የት እንደሆነ ሳይናገር በሦስተኛው ቀን ሞተ።

አሁን ቄሳሩ ሌላ ነው። ይኸኛው መስቀል ወዷል። የተወረሰውን ቤተ ክርስቲያን መለሰ፣ ካህናቱን ከግብር ነፃ አወጣ፤ ትናንት ለጣዖት ሲሰግዱ የነበሩ ባለጠጎች ዛሬ እሑድ እሑድ ከፊት ለመቆም ይጋፋሉ። ፍቅሩ ግን ጣጣ አለው። እሱ የሰበሰባቸው ጳጳሳት፣ መጽሐፍ አሳልፎ የሰጠ አገልጋይ ሁሉ ከመዓርጉ ይውረድ ብለዋል። የከተማው መዝገብ ደግሞ «ከረስቲቱስ ቤት አንድ መጽሐፍ ተገኝቶ ተቃጠለ» ይላል። የተቃጠለው የበቅሎ መጽሐፍ ነው ብሎ ቢምል ማን ይሰማዋል? ነገ ጧት ጉዳዩን የሚያጣራው መርማሪ ሲመጣ ግን ወንጌሉን ከነማሰሮው ያሳየዋል፤ ስሙ ይነጻል። የባሪክ ስምም በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከሰማዕታት ጋር ይቀረጻል። እትዬ ቢሪክትን ለምስክርነት የጠራቸው ለዚሁ ነው።

ሰሙን በቢላ ፈቀፈቀው። በቅባት ጨርቅ የተጠቀለለውን አወጣና ጭኑ ላይ አድርጎ ፈታው። ደረቅ ነው፣ ብል እንኳ አላገኘውም። የመጀመሪያውን ቅጠል ገለጠ።

«በቅሎ ሆዷ ሲነፋ፣ ጤና አዳም በሞቀ ዘይት ይሰጣታል» ይላል።

እንደገና አነበበው። አሁንም ሆዷ እንደተነፋ ነው።

መጽሐፉን በእጁ መዘነው። ከባድና ወፍራም ነው፤ ከወንጌሉ እጥፍ ይሆናል። እሱ ትልቁ ሲል ክብሩን ማለቱ ነበር፤ ሲዲና ያየችው ክብደቱን ነው። ትልቁን ቅበሪ አላት፣ ትልቁን ቀበረች። ትንሹን በገዛ እጇ ለወታደሮቹ ሰጥታ፣ አደራዬን ተወጣሁ ብላ ደስ እንዳላት ሞተች። ሊቆጣት ፈለገ፤ አልሆነለትም። ይህ ሰላም ባይመጣ ኖሮ መሬቱን ማንም አይነካውም ነበር፣ ወንጌሉም በእሱ ሐሳብ እዚያው እንደተቀበረ ይኖር ነበር። ቄሳሩን ረገመው፤ በሆዱ ነው እንጂ በአፉስ አልደፈረም።

«ምነው ዝም አልክ? በሰበሰ እንዴ?»

«አልበሰበሰም።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» እትዬ ቢሪክት መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደገቡ ሁሉ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ። «በል አንብብልኝ። ልጄ የሞተበትን ነገር በጆሮዬ ልስማው።»

«ነገ እትዬ... መርማሪው ሲመጣ...»

«የነገን ማን ያውቃል? ያን የመበለቲቱን ልጅ ታሪክ አንብብልኝ። ሊቀብሩት ሲወስዱት ከተማው በር ላይ ጌታ ያገኘውን።»

ረስቲቱስ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገ መርማሪው ይመጣል፣ መርማሪው ማንበብ ይችላል። ዛሬ ግን እዚህ ማንበብ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ዓይኑን ከተነፋችው በቅሎ ላይ ሳያነሣ ታሪኩን በቃሉ ይወጣው ጀመር፤ ከተማዋን፣ አስከሬኑን የተከተለውን ሕዝብ፣ ሌላ ልጅ የሌላትን እናት። ሃያ ዓመት ያነበበው ነውና ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እትዬ ቢሪክት በየመሀሉ «እህ» ይላሉ።

ጌታ እናቲቱን አይቶ ያዘነላት ጋ ሲደርስ፣ «ረስቲቱስ» አሉት።

«አቤት።»

«ገጹን አልገለጥክም።»

እውነታቸውን ነው። እሱ ሲያነብ ከፊት ቆመው የኖሩ ሴት ናቸው፤ ፊደል ባይቆጥሩም እጁ መቼ እንደሚንቀሳቀስ ያውቃሉ። ገለጠው። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ግማሹን የሞላ የበቅሎ ኮቴ ተሥሎ፣ ቁስሉ በቀይ ቀለም ተቀብቷል። እጁን ሊጋርድበት ቢያስብም ዘገየ።

እትዬ ቢሪክት ጎንበስ ብለው አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ኮቴው ላይ አሳረፉት፤ ሥዕሉ ከነቁስሉ ተሸፈነ።

«ቀጥል» አሉት። «ልጁ ገና አልተነሣም።»