ቀለበቱ የቀረበት ቤት

በዚያ ዘመን ቤት ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ከባለቤቱ ቀለበት የሚወጣ ሲግናል በግድግዳው ሽቦ ገብቶ መብራቱን ያበራል፣ በሩንም ይከፍታል፤ ባለቤቱ ሲወጣ ቤቱ ይጨልማል።

ስንዱ እትዬ አሰለፈችን ልትሸኝ ስትነሳ ሌሎቹ እንግዶች ገና እራት ላይ ነበሩ።

«ተቀመጪ ልጄ፤ ብትወጪ እኮ ይጨልምባቸዋል» አሏት እትዬ አሰለፈች።

«እንግዳ ሳይሸኝ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም» አለች ስንዱ። ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ክንዳቸውን ይዛ የጨለመውን ደረጃ በእግሯ እየዳበሰች አወረደቻቸው።

ስትመለስ በሩ አላወቃትም፤ አልከፈተላትም። ከውስጥ የእንግዶቿ ሳቅ ይሰማል፣ በበሩ ስር ብርሃን ይታያል። ነጠላዋን አስተካክላ የገዛ በሯን አንኳኳች።

«ቤቶች» አለች።

«ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አሏት ከውስጥ።