የታሸገው ስልክ

ስልኩ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ የፖሊስ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ይንዘፈዘፋል። የሚደውለው የውጭ አገር ቁጥር ነው። ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ብድግ ስትል መርማሪዋ ትቀድማትና ላስቲኩ ላይ እጇን ታሳርፋለች።

«ልጄ ናት» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። «ከወንድሜ ቁጥር ሌላ በቃሏ የያዘችው የለም።»

ስልኩ የወንድሟ ነው። ልጅቷን ጥሩ ሥራ አገኘሁላት ብሎ ባሕር ያሻገራት እሱ ነው፤ ልጆች እንደሚሸጥ ደርሳበት ዛሬ ጠዋት ጠቁማ ያስያዘችውም እሱኑ ነው። አዲሱ ሕግ በሰው የሚነግድን ዘመድ ነው ባዳ ነው ብሎ እንደማይምር በሬዲዮ ሰምታ የመጣችው በገዛ እግሯ ነው። ስልኩም አብሮት እንደሚታሰር ግን ማንም አልነገራትም።

መርማሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ስልኩ ማስረጃ መሆኑን፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ከተነካ ጠበቃው ነገሩን ገልብጦ ሰውየውን እንደሚያስለቅቀው፣ እሱ የሸጣቸው የሌሎች ልጆች ፍርድም አብሮ ውሃ እንደሚበላው ቀስ አድርጋ ታስረዳታለች። ልብስ ሰፊዋ ሁሉም ይገባታል። ቢገባት ምን ይፈይዳል፤ ጥሪው ሊቋረጥ ነው።

«የኔ እህት፣ ልጅ አለሽ?»

መርማሪዋ እጇን ከላስቲኩ ላይ ታነሳና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

መርፌ የበሳሳው የልብስ ሰፊዋ ጣት ላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተ አልታዘዝ ይላታል። በስንት መከራ ስልኩ ይነሳል። ጆሮዋን ትለጥፍበታለች።

«አጎቴ» ይላል ድምፁ። የልጇ ነው። ግን በዚሁ በወንድሟ ስልክ በተደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ እማዬ፣ አታስቢ» ሲላት የነበረው ድምፅ አይደለም። «አጎቴ፣ በናትህ አውጣኝ። እዚህ ከቆየሁ ይገድሉኛል። ለእማዬ ግን እንዳትነግራት። እሷ አትችለውም።»

ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ ልትል አፏን ትከፍታለች። ወዲያው ትደነግጣለች። ልጇ የእናቷን ድምፅ ከሰማች እንባዋን ውጣ፣ እንደ ሁልጊዜው ደህና ነኝ ትልና ትዘጋዋለች፤ የት እንዳለችም አትናገርም። ስለዚህ እጇን ነክሳ ታዳምጣለች።

«አጎቴ?» ትላለች ልጅቷ። «አጎቴ፣ አለህ?»