የተሰፋው ከረጢት

ሕይወትዎን የያዘውን ከረጢት ማን እንደሰፋው ጠይቀው ያውቃሉ?

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም ነበር። እሷና አናጺው ባሏ በየዓመቱ ብርዱ ሊገባ ሲል በታንኳ ሐይቁን ተሻግረው፣ ማዶ ድንኳን ተክለው አራት ቀን ይቀመጣሉ። ለአደጋ የሚያዝ ዕቃ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ታንኳ ከተገለበጠ ሻንጣው አብሮ ይሄዳል፤ ለሰው የሚተርፈው የለበሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ተንሳፋፊ ሰደርያዎቹን ራሷ ሰፍታ፣ በየደረታቸው በውስጥ በኩል ከረጢት አበጀችላቸው። ውሃ የማይነካው ክብሪት፣ የሻማ ቁራጭ፣ ፊሽካ፣ ሴንጢ፣ ሲባጎ፣ ሲታጠፍ መዳፍ የሚያክል እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ብርድ ልብስ።

ከዚያ የከረጢቱን አፍ በመርፌ ጥርቅም አድርጋ ትሰፋዋለች። ድሮ አትሰፋውም ነበር። አንድ ዓመት ባሏ ለሻይ ክብሪት አውጥቶ ሳይመልስ ቀረ።

«ረስቼው ነው» አለ ያኔ።

«ብርዱ አይረሳህም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ከረጢት የሚከፈተው በጥርስ ወይም በምላጭ፣ ያውም ሞት ሲመጣ ነው።

ዘንድሮ ሦስተኛ ሰደርያ ጨመረች። ታናሽ እህቷን የጋበዘችው ራሷ ናት። እህትየው መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ወደ ቤታቸው ትመላለስ ነበር። ሰፊዋ ከሱቅ ስትመለስ ሁለቱን ወጥ ቤት ታገኛቸዋለች። ወሬያቸው ይቋረጥና አንዱ ስለ አየሩ ያነሣል።

«እኔ ዋና አልችልም እኮ እትዬ» ብላት ነበር እህትየው።

«ሰደርያው ይችልልሻል።»

በመነሻቸው ቀን ጠዋት ሰፊዋ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጥሳ ሦስቱን ሰደርያዎች ወንበር ላይ ደረደረች። አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት ልክ፤ የሚለያቸው በአንገትጌው ውስጥ የተጠለፈው ስም ብቻ ነው።

«ይቺ ሴት ቢቻላት የኔንም አፍ ትሰፋው ነበር» አለ አናጺው።

«ትሰፋው ነበር፤ ክር አልበቃ ብሏት ነው» አለች እህትየው። ሁለቱ ሳቁ።

ሰፊዋ በሩን ልትቆልፍ ኋላ ቀረች። ወደ ሐይቁ ስትወርድ ባሏ ሰደርያዎቹን ታቅፎ ታንኳው ዘንድ ቆሟል። እሷን ራሱ አለበሳት፤ ዘለበቱንም ራሱ አጠበቀላት። እንዲህ ዓይነት ነገር ካደረገላት ዓመታት አልፈዋል።

ሐይቁ መሃል ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ። ሰፊዋ ዕቃው ወደ አንድ ጎን አድልቷል ብላ ከኋላ ወንበሯ ብድግ አለች።

«ኧረ ተቀመጪ» አለ ባሏ። ታንኳው ተገለበጠ።

አናጺው የሚስቱን እህት አንገትጌዋን ይዞ እየጎተተ ወደ ቅርቡ ዳርቻ ዋኘ። ወደ ሚስቱ አልዞረም። ሁለቱ እሳት አነደዱ፤ ፊሽካ ነፉ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ የሐይቁ ጠባቂ ደረሰላቸው።

ሰፊዋን ነፋሱ ከተገለበጠው ታንኳ ጋር ወደ አንዲት ድንጋያማ ደሴት ወሰዳት። ደረቅ ቁጥቋጦ በሽበሽ ነበር። እየተንቀጠቀጠች የከረጢቱን ስፌት በጥርሷ ተረተረችው። ከውስጡ የወጣው ተጣጥፎ የተጠቀጠቀ የጨርቅ ቁርጥራጭ ነበር፤ ከስፌት ሱቋ ወለል የሚጠረገው ዓይነት።

ጨርቁን ብዙ አየችው። ከዚያ ባሏን ጮክ ብላ ረገመችው።

ያገኟት በሦስተኛው ቀን ነው። ሐኪሙ ብርድ የገደላቸውን ሦስት ጣቶች ከቀኝ እጇ ቆረጠ፤ መርፌ የሚይዙትን ሦስቱን።

ጠባቂው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጨርቁ የማን ሥራ ይመስልዎታል?»

«ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ ሰደርያዬን የነካው ሰው አንድ ነው።»

«ባለቤትዎ?»

«ራሱ ነው ያለበሰኝ። ይጠይቁት፤ አይክድም።»

አናጺው ማልበሱን ሲጠየቅ አልካደም። የዚያኑ ቀን ታሰረ። በሰው ነፍስ ማጥፋት ሙከራ ከተፈረደበት አሥር ዓመት አያንስም ተባለ። የሰፈሩ ሰው ስለ ወጥ ቤቱ ወሬ ቀድሞም ያውቅ ስለነበር የሚደነቅ ጠፋ።

በሳምንቱ እህትየው ሆስፒታል መጣች። ዓይኗ አብጧል። ወንበር ሳትስብ ከአልጋው ግርጌ ቆመች።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

ሰፊዋ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተች።

«በእኔና በእሱ መካከል የነበረውን ታውቂው ነበር አይደል?» አለች እህትየው።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ሰው አልነበርኩም። ያሳደግሽኝ አንቺ፣ ትምህርት ቤት ያስገባሽኝ አንቺ።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ግን እሱ ከረጢቱን አልነካም። ሊፈረድበት ነው፤ አንድ ቃል ካልተናገርሽ ያልቅለታል።»

«ባዶ ከረጢት አለበሰኝ። ምን ልናገር?»

«ያለበሰሽ እኔ ብዬው ነው። በሩን ልትቆልፊ ኋላ ስትቀሪ የሰደርያሽን ዘለበት አየሁት፤ ተሰንጥቋል። ብንነግርሽ እንቢ ትያለሽ፤ ‹የኔን አልብሳት፣ እኔ የእሷን እለብሳለሁ› አልኩት። ለአንቺ አንድ ደግ ነገር ላድርግ ብዬ ነው፤ እግዜር ያውቃል። እሱ ይህን ያልተናገረው እኔን እንዳይጠረጥሩኝ ብሎ ነው። ደሴቷ ላይ የለበስሽው የኔን ነበር፣ እትዬ።»

«ጨርቁን ሳይ ገብቶኛል፤ የጠቀጠቅኩት ለአንቺ ነበር» አለች ሰፊዋ፤ «እሱንም፣ አንቺንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።»