የቅሉ ሌላኛው ጠርዝ

ኤርጎ፣ ቦርዴ የተባለውን የእህል መጠጥ የሞላ ቅል በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ወንድይፍራው ይጠጋል። «ና እንጂ፣ ጉንጭህን አምጣ» ይለዋል።

የካኮ ገበያ ደርቷል። በቦርዴ ሻጯ በአረጋሽ ዳስ ውስጥ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ጉንጩን ከጉንጭ ገጥሞ፣ ከአንድ ቅል ይጠጣል። ብቻውን የተቀመጠው ማር ገዢ ነኝ ያለው እንግዳ፣ ወንድይፍራው ነው።

«ማር ገዢ ይላል ራሱን። ጠዋት ማሬን ሲቀምስ ፊቱ ኮሶ የጠጣ ነበር የሚመስለው» ይላል ኤርጎ። ዳሱ ይስቃል። ወንድይፍራውም ይስቃል፤ ሳቁ ለገዛ ጆሮው እንግዳ ይሆንበታል።

በሚሠራበት ጂንካ እሱ ሲገባ ሳቅ ይቋረጣል። የፖሊስ መርማሪ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሻይ ቤት ሲቀመጥ አጠገቡ ያሉት የጀመሩትን ትተው ይነሳሉ። ተዛውሮ ከመጣ ወዲህ በእጁ የነካው ሰው ቢኖር ካቴና ያጠለቀለት ነው።

ማር ገዢ አስመስሎ ወደዚህ የላከው አለቃው ሻምበሉ ነው። የኤርጎ ታናሽ ወንድም ዶላሞ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ከመኪና ዘሎ ጠፍቷል። የተደበቀበትን የሚያውቀው ኤርጎ ነው።

እዚህ አገር አብሮህ ከአንድ ቅል የጠጣን ሰው መዋሸት ነውር ነው። ወንድይፍራው ይህን ያውቃል። ባለፈው ክረምት ሌላ መንደር እንዲሁ ጠጥቶ፣ እንዲሁ ጠይቆ ነበር። ሰውየው የአጎቱን ልጅ መደበቂያ ሳያመነታ ነገረው። ልጁ ሲያዝ ሰውየው አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ጉንጩን በመዳፉ ይጠርግ፣ ይጠርግ ነበር።

ኤርጎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «መኪናህ ወደ አርባ ምንጭ ይመለሳል አላልክም? ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም። እንጠጣና እነግርሃለሁ።»

ቅሉ አፉ ስር ደርሷል። የኤርጎ ፊት ሙቀት ይሰማዋል። ጉንጩን ማስጠጋት ብቻ ነው የቀረው።

«ሆዴን አሞኛል» ይላል ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

«ቦርዴ ለሆድ መድኃኒት ነው።»

«አልጠጣም። መኪናዬም ላይ ቦታ የለም።»

ዳሱ ጸጥ ይላል። ወንድይፍራው ይህን ጸጥታ ያውቀዋል፤ ከጂንካ ተከትሎት የመጣ ይመስለዋል።

«ተወው ኤርጎ፣ ጉንጫችንን ተጸይፎ ነው» ትላለች አረጋሽ፣ ጋኗን እያማሰለች።

ኤርጎ አይቆጣም። ትንሽ ያየውና ፊቱን ያዞራል።

ወንድይፍራው ተነስቶ ይወጣል። ጂንካ ሲመለስ ለሻምበሉ «የት እንዳለ አላወቅሁም» ሊል ነው፤ ውሸትም አይሆንበትም። ለገበያ የመጡትን ከብቶች አልፎ መኪናው ዘንድ ሲደርስ ዘወር ይላል። እሱ የነበረበት ቦታ አንድ ጨው ነጋዴ ተቀምጧል። ሁለት ራሶች በአንድ ቅል ላይ አቀርቅረዋል።

ወንድይፍራው ደረቅ ጉንጩን በመዳፉ ይጠርጋል።