አራት ፍቺ ያለው ሕመም

የናዝሬቱ ጋሪ ነጂ ኡርጌሳ ከዘመቻ ለመቅረት ያቀረበው የሐኪም ወረቀት ላይ «gall» የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነበረች፤ እሷንም ራሱ ከተማሪ ደብተር ላይ ገልብጦ ነው የጻፋት። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን መዝገበ ቃላት ከመሳቢያ አወጡ።

«ምሬት» አሉ፣ ጣታቸውን እያስኬዱ። «ይሄ የፀረ አብዮተኛ ሕመም ነው። ያንተ ነው?»

«ኧረ አይደለም ጓድ።»

«ድፍረት ይላል ደግሞ። ደፋር ከሆንክማ ዝመት። ጭነት የላጠው የከብት ቁስል... ፈረስህን ነው ያመመው? የሐሞት ከረጢት...»

«እሱ ነው ጓድ ሊቀመንበር» አለ ኡርጌሳ፣ ግራ ጎኑን ጨምድዶ ይዞ።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው ሸሚዛቸውን ገለጡ። ከቀኝ ጎድናቸው ሥር ስንዝር የሚያህል የስፌት ጠባሳ ተጋድሟል። የኡርጌሳ እጅ ሆዱን አቋርጣ ወደ ቀኝ ሄደች።

«እኔም አሞኝ ነበር» አሉ ከልባቸው አዝነው። «ቀደው አወጡልኝና ዘመትኩ። አይዞህ ወንድሜ፣ ማክሰኞ አንተንም እንዲቀድዱህ አሁኑኑ ለሐኪሙ እደውላለሁ።»

ስልኩን አነሱ። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ ቆሟል።

«ጓድ» አለ ኡርጌሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዘማቾቹ አውቶቡስ መቼ ነው የሚነሳው?»

«ሐሙስ።»

«ሰኞ ቢነሳ ምን አለበት?»