የዓምሃ ድንጋይ

በ1974 ዓ.ም. ክረምት የዓለምወርቅ ብርሃኔ ለትምህርት ወደ ሶፊያ ልሂድ ወይስ ዓመት ልጠብቅ እያለች ተጨነቀች። ጉለሌም አብሯት ተጨነቀ።

የዓለምወርቅ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ የሚጠፋ፣ ዓይነ አፋር። አንደኛ ምርጫዋ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን መማር ነበር። የቀራት ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ፣ ምግብ በጣሳ ማሸግ መማር።

"ዩኒቨርሲቲው አልተቀበለኝም" አለች። "የቀበሌሽ የድጋፍ ደብዳቤ አልደረሰንም አሉኝ።"

ይህን መጀመሪያ የነገረችው ለጎረቤቷ ለሾዴ ነው። ሾዴ ምላሱ ከመወርወሪያው የሚፈጥን ሸማኔ ነበር። ምሳ ሳይደርስ ወሬው ቁስቋም ወጥቶ ወረደ። አባቷ አቶ ብርሃኔ የሰሙት ከሰፈሩ ሁሉ ኋላ ነው።

የቀበሌውን ደብዳቤ የሚጽፈውም የሚያደርሰውም ዓምሃ ነው፤ የሰፈር ልጅ። በፊት ለየዓለምወርቅ ሽማግሌ ይልካል ተብሎ የእነ አቶ ብርሃኔ ቤት ኖራ ተቀብቶ ነበር። እሱ ግን ሸጎሌ ላለች አፀደ ለምትባል ልጅ ቀለበት አሰረ። ነገሩ ተረሳ። የዓለምወርቅም "እንኳን ደስ ያለህ" ብላዋለች።

እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አቶ ብርሃኔ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያዙት።

"የልጄን ደብዳቤ የት በላኸው?"

"ጋሽ ብርሃኔ፣ ማርያምን! በእጄ ነው ያደረስኩት።"

"ለማን?"

"ለጸሐፊዋ።"

"ማን ትባላለች?"

ዓምሃ ስሟን አያውቅም። የቆመው ሁሉ ሳቀ። ከአባቷ ኋላ የዓለምወርቅ ነበረች፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"ዓይኑን አያችሁልኝ?" አለ ሾዴ። "የሌባ ዓይን!"

አቶ ብርሃኔ ቤት ሲገቡም አልበረደላቸውም። "ነገ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄጄ አፋጥጣቸዋለሁ!"

"አባባ፣ ይተዉ" አለች ፊቷ ቀልቶ። "አባቷን አማላጅ ላከች እባላለሁ። አፍራለሁ።"

ተዉላት። ሲያሳድጓትም አብዝተው ያስተማሯት ማፈርን ነው።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቶለሳ ሊመክሯት መጡ።

"ሂጂ ልጄ። ሰው ለመውጣት ይጋፋል፣ አንቺ በሩ ተከፍቶልሽ ትቆሚያለሽ? ዘንድሮ የነሳሽ ለከርሞ ይሰጠኛል ብለሽ ነው?"

"ለከርሞ ይቀበሉኛል።"

"በምን አወቅሽ?"

"አውቃለሁ።"

ጋሽ ቶለሳ የልጅነት ኩራት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ብርሃኔ ግን ጭናቸውን መቱ።

"ልጄ ጎመን ጣሳ ውስጥ ለመክተት ባሕር አትሻገርም! እዚሁ ትቆያለች። ደብዳቤዋን የበላውም በየቀኑ ያያታል!"

ሶፊያ ቀረ። ዓምሃም በየቀኑ አያት። ትምህርት ቤቷ በአቋራጭ ይቀርባል፤ እሷ ግን በደጁ ዞራ ታልፋለች። "እንደምን አደርክ ዓምሃ?" ትለዋለች፣ በለስላሳ ድምፅ። ሰፈርተኛው "ትዕግስትስ እንደሷ!" እያለ መረቃት።

እሱን የመረቀው የለም። በእድሩ ድንኳን አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ቀበሌው ከጽሕፈት አንስቶ ለሱቁ ስኳር አራጋፊ አደረገው። በጥር ሊሆን የነበረውም ሠርግ ፈረሰ፤ የአፀደ አባት "የሰው ዕድል ለሚበላ ልጄን አልድርም" ብለው ቀለበቱን መለሱ።

ሁዳዴ ሲገባ ጋሽ ቶለሳ ዓምሃን ጠሩት።

"ታረቅ።"

"ጋሼ፣ አላደረግኩም እኮ! ምን ብዬ ልታረቅ?"

"አድርገህም ሳታደርግም ድንጋዩን ተሸከም ልጄ። ድንጋይ ከሰፈር ይቀላል።"

ተሸከመ። በሽማግሌዎች ፊት፣ የአቶ ብርሃኔ ደጃፍ ላይ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ።

"አጥፍቻለሁ" አለ። "ይቅር በይኝ።"

አቶ ብርሃኔ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "በይ እንግዲህ፣ የዓለም። ዕድልሽን የቀማሽ እግርሽ ሥር ወድቋል።"

የዓለምወርቅ አንገቱን አየችው። ድንጋዩ ሹል ነበር፤ ከሥሩ ቀጭን ደም ወርዶ ኮሌታው ላይ ደርሷል።

"ትንሽ ይቆይ" አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተበደለች እሷ ናትና ጠበቁ። ዓምሃ ድንጋዩን በሁለት እጁ ደገፈ።

"ይቅር ለእግዜር" አለች በመጨረሻ፣ አንገቷን ደፍታ።

ደብዳቤው ደርሶ ዩኒቨርሲቲው ባለፈው ሰኔ ተቀብሏት ነበር፤ ቢሮው ድረስ ሄዳ "ዘንድሮ አልገባም" ብላ ቦታውን የመለሰችው እሷው ናት።