የእሁድ ድምፅ

ሹፌሩ እሁድ ረፋድ ላይ አውቶቡስ አይነዳም። በዚያ ሰዓት አባቱን ይሆናል።

አባቱ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። መጋዘን ውስጥ ሳጥን እንዳነሳ ልቡ ቀጥ አለ። ባሕር ማዶ ላለችው አያቱ ግን አልተነገራትም። ልበ ደካማ ናት፤ የአንድ ወንድ ልጇን መርዶ ሰምታ አታድርም ብላ እናቱ ወሰነች። እዚያ ላሉት ለሌሎቹ ዘመዶችም ትንፍሽ አላሉም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የሹፌሩ ድምፅ ቁርጥ የአባቱ ነው፤ ችግሩ ንግግሩ ነበር። እዚህ ስላደገ የአባቱን ቋንቋ የሚያውቀው ለምሳና ለቁጣ ያህል ብቻ ነው። እናቱ በደብተር ጻፈችለት፤ አባቱ እንዴት ሰላም እንደሚል፣ የት ላይ እንደሚስቅ፣ የትኛውን ተረት እንደሚወድ። እሱም ቀይ መብራት ላይ ሲቆም እያነበነበ አጠናው።

በስምንት ወር ስለ አባቱ የተማረው ከእሱ ጋር በኖረበት ሃያ አራት ዓመት ካወቀው ይበልጣል። ደስ ሊለው ወይም ሊያመው ይገባ ነበር፤ አንዱም አልመጣም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሱ ግን የቀብሩ ዕለት እንኳ አላለቀሰም። ደንዝዟል።

ዛሬም እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ ደወለ። አክስቱ እንደ ወትሮው ቀድማ አነሳች።

«ጠብቅ ወንድሜ፣ ትራሷን ላስተካክልላት።»

ቆይቶ የሻከረ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? ግፊትህስ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። መድኃኒቱን እውጣለሁ። ጉንፋኑ እስካሁን አለቀቀሽም?»

«እሱ ምን ይለቀኛል።»

«የስልኬ ካሜራ ገና አልተሠራም።»

«ተወው፣ የኛም ያው ነው። ድምፅህ ይበቃኛል።»

እናቱ በረጅሙ ተነፈሰች። ወሬ አለቀ። ደብተሩም አለቀ። ሹፌሩ ዝምታውን ፈርቶ ከራሱ ጨመረ።

«ስንለያይ በር ላይ ያልሽኝን አንድም ቀን አልረሳሁም።»

እናቱ ደንግጣ እጇን አወናጨፈች።

«ምን ነበር ያልኩህ?» አለች አሮጊቷ።

«ራስህን ጠብቅ።»

እናቱ ጠረጴዛውን ግጥም አድርጋ ያዘች።

«አዎ ልጄ፣ እንደሱ ነበር ያልኩህ» አለች አሮጊቷ። መረቀችውና ተሰናበቱ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ?» አለችው እናቱ። «ያን ቀን እኮ ለምን ትሄዳለህ ብላ አኩርፋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የዋለችው። አንዲት ቃል አልወጣትም። አባትህን እስኪሞት ሲቆጨው የኖረው እሱ ነው።»

«ታዲያ አወቀችብን?»

እናቱ አሰበች።

«ብታውቅ ኖሮ ትጮህ ነበር። ረስታዋለች። እርጅናም አንዳንዴ ደግ ነው።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቀጥለው?»

«እሷ እስካለች ድረስ። እሷ ካለች አባትህም አለ።»

ሹፌሩ ደብተሩን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ለሚቀጥለው እሁድ አዲስ ነገር ማጥናት አለበት።

ባሕር ማዶ፣ የአክስቱ ልጅ ስልኩን አስቀመጠችና በራሷ የወጣት ድምፅ፣ «ዛሬም አመነኝ፤ ግን እማ፣ አያቴን ከቀበርናት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ለአጎቴ መቼ ነው የምንነግረው?» ብላ ጠየቀች።